ይቅደሙ የሚል ሣጥን

እናንተ በር ስትገቡ ምን እንደምትሆኑ አላውቅም። እኛ ቤት ግን በር መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የባለቤቴ አባት መርጌታ ሊጠይቁን ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ሲመጡ ከውጭው በር እስከ ሳሎኑ ወንበር ያለችው አጭር መንገድ ጉልበት ትጨርሳለች። እኔ ገለል ብዬ «ይቅደሙ አባባ» እላለሁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «የቤቱ ባለቤት እያለ እኔ እንዴት ብዬ? ግባ እንጂ» ይላሉ። «ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።» «በሞቴ ግባ።» ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ምሳው ቀዘቀዘ» እስክትል ድረስ ሁለታችንም ደጅ ነን። አንድ ክረምት ዝናብ እየወረደብን እዚያው ቆመን ስንለማመጥ፣ ስንገባ ከሁለታችንም ላይ የሚጨመቀው ውኃ ለአትክልት ይበቃ ነበር። አክብሮታችን ግን ምንም አልተነካ።

ይህን ያነሣሁት ስለ በር ላወራ አይደለም። የማወራው ስለ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር የሚለውን ቃል አይቶ ገጹን ሊገልጥ ያሰበ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ከበሩ ብዙም አይርቅም።

እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሰብለ ከምትባል የሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ትንሽ ሣጥን ሠርተናል። ሰብለ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ለሥራ መጥታ ሐይቁን ወደደችና ቀረች። ሣጥኑ የጀልባ ሞተር አጠገብ ይታሰራል። ነዳጁን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የጀልባዋን ወደ ጎን መጋደል እየተመለከተ ሞተሩን ያስተዳድራል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ ይህን የሚጠላ ጀልባ ነጂ የለም። በውስጡ ያለውን ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚመራውን ፕሮግራም፣ ደግሞ ከሌላ ሳንወስድ ከመሠረቱ እኛው ነን የጻፍነው። የዚያ ሥርዓት እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነል ማለት የድግስ ቤት አሳላፊ እንደ ማለት ነው። ማን እንደሚቀርብ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። አሳላፊው ከተደናገረ እንግዳው በሙሉ ጦሙን ያድራል።

ሣጥኑን መጀመሪያ የተቀበሉን ጋሽ ይርጋ ናቸው። ከሟቹ አባቴ ጋር ፋብሪካ አብረው የሠሩ መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ አንዲት የሰው ማመላለሻ ጀልባ ገዙ። ቤታቸው ዓባይ ማዶ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከድልድዩ ወዲህም ይሰማል። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ አልዋሽም። ጣናን እሳቸው ቆፍረው ውኃ የሞሉት ይመስል «እኔ ያላየሁት ማዕበል ገና አልተነሣም» እያሉ የሚነዱ ሰው ናቸው። እኔን ግን እንደ ልጃቸው ያዩኛል። ሣጥኑን ሳመጣላቸው አላቅማሙም፤ «የወንድሜ ልጅ የሠራው ነው» እያሉ ለተሳፋሪው ሁሉ ያሳዩት ነበር።

ታዲያ ትንሽ ቆይቶ ጀልባዋ ሐይቅ መሀል መቆም ጀመረች። ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንድ ቀን ነው። ሰው ጭና ከባሕር ዳር ሐይቁ ውስጥ ወዳለችው ደሴት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ስትደርስ ሞተሩ ድንገት ጸጥ ይላል። ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። የቀዩ መብራት ትርጉም «ነዳጅ አልቋል» ነው። እዚያ ቦታ ላይ መቆም ደግሞ ሌላ ቦታ እንደ መቆም አይደለም፤ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ወንዙ መሳብ ይጀምራል። ጋሽ ይርጋ ተጣድፈው ከመጠባበቂያው ጄሪካን ይጨምሩና ያስነሡታል። ሞተሩም እሺ ብሎ ይነሣል።

ሰው ምን ይበል? ቀይ መብራት አይቷል፤ ጄሪካን ሲጨመርም አይቷል። «አርጅተዋል፤ ነዳጅ ሳይቀዱ ነው የሚወጡት» ተባለ። ወሬው የጀልባ ነጂዎች ማኅበር ሰብሳቢ ጆሮ ገባ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው፤ ጋሽ ይርጋን ለብቻቸው ጠርቶ «እርስዎን እናከብራለን፣ ግን የምንጭነው ሰው ነው። ይህ ነገር ከቀጠለ መሪውን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ» አላቸው።

በማግስቱ ጋሽ ይርጋ እኛ ቤት መጡ። በሩ ላይ «ይቅደሙ» ስላቸው ሳይከራከሩኝ ገቡ፤ ያኔ ነበር ነገሩ ከባድ መሆኑን ማወቅ የነበረብኝ። ቁጭ ብለው «ነዳጅ ነበረ። እኔው ራሴ ነኝ የቀዳሁት» አሉኝ።

እኔ ምን አልሁ? «አይዞዎት ጋሼ፣ ሰው ነው፣ ይረሳል» አልሁ። በጣም በፍቅር ነው ያልሁት። ለስላሳም ጋበዝኋቸው።

«ሣጥንህ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ሣጥን አይረሳም ጋሼ።»

ለስላሳውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ለባለቤቴ እንደ ነገሯት፣ ጋሽ ይርጋ ጠዋት ነዳጅ ሲቀዱ «ነይ እዪኝ፤ ቀድቻለሁ አይደል?» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ቤት ቆልፈው ከወጡ በኋላ ተመልሰው መቆለፉን ያያሉ። የልጆቻቸውን ስም ከመጥራታቸው በፊት ትንሽ ይቆማሉ። በራሱ ተጠራጥሮ የማያውቅ ሰው ራሱን መጠራጠር ሲጀምር ነገሩ ያስፈራል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የፈራሁት ግን ለእሳቸው እንጂ ለሣጥኑ አልነበረም።

ሰብለ ነገሩን ስነግራት «ሣጥኑ እንደማይሳሳት በምን አወቅክ?» አለችኝ።

«እኔ ስለ ሠራሁት ነዋ።»

«እኔም ሠርቼዋለሁ። የምጠራጠረውም ለዛ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ «የነዳጁን ታንከር ከፍተህ ለምን አላየህም?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለቤቴም ጠይቃኛለች። መልሱ እንዲህ ነው፦ ታንከሩ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሥር፣ ከተሳፋሪው ዕቃ በታች ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ታንከሩን ሞልቶ የሚወጣ ጀልባ የለም፣ ደርሶ መልስ የሚበቃውን ያህል ነው የሚቀዳው። ሞተሩ ሲቆም ውኃው ስለሚስብ ጋሽ ይርጋ ማንም ታንከሩን ሳያይ ጨምረው ያስነሣሉ። ከጨመሩ በኋላ የነበረው የቱ፣ የተጨመረው የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? ይህ የክብር መልሴ ነው። እውነተኛው መልስ ግን የተማረ ሰው ክዳን ከፍቶ ከማየት ፕሮግራም መጻፍ ይቀለዋል የሚለው ነው።

ስለዚህ የዱካ ቋት ልንሠራ ተስማማን። የዱካ ቋት ማለት በከርነሉ ውስጥ ያለ የጋራ ማስታወሻ ቦታ ነው። ነዳጅ የሚያየው ክፍል ነዳጅ ባየ ቁጥር «ነዳጅ አለ» ወይም «ነዳጅ የለም» ብሎ እዚያ ይጽፋል። ሙቀት የሚያየውም እንዲሁ፣ መጋደል የሚያየውም እንዲሁ፣ ሞተሩን የሚያዘውም እንዲሁ። ሞተሩ ሲቆም ቋቱን ከፍተን ከመቆሙ በፊት ማን ምን አይቶ ምን እንዳለ በቅደም ተከተል እናነባለን። ሰብለ የፈለገችው የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኔ የፈለግሁት ደግሞ ማስረጃውን ይዤ ጋሽ ይርጋ ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ይረፉ» ለማለት ነበር። ይህንንም በፍቅር።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ቋቱ ሲሞላ ምን ይሁን የሚል ነበር። የሣጥኑ ማስታወሻ ጠባብ ነው። ሰብለ «አሮጌው ይጣልና አዲሱ ይግባ» አለች። ቃሉ ራሱ አስደነገጠኝ። ቀድሞ መጥቶ የተቀመጠ እንዴት ተነሥቶ ይጣላል? ሠርግ ቤት እንኳ ዘግይቶ የመጣ ቆሞ ይበላል እንጂ አስቀድሞ የተቀመጠውን ሽማግሌ አያስነሣም። «ቀድሞ የገባ አይነካ፤ ቋቱ ከሞላ አዲሱ ይመለስ» አልሁ። ሰብለ ጥቂት ተከራከረችና በዕድሜ ስለምበልጣት እሺ አለች። እንዲህ ያለው እሺታ ስንት ነገር እንዳበላሸ ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል።

ሣጥኑን ጭነን አንድ ቀን ዋለ። ከሰዓት በኋላ ቋቱን ስንከፍት ምን አገኘን? ሰላምታ ብቻ። «ተነሣሁ። ነዳጅ ተመልካች ነኝ፣ ደኅና ነኝ። ሙቀት ተመልካች ነኝ፣ ደኅና ነኝ። ነዳጅ አለ። አሁንም አለ። አሁንም ደኅና ነኝ።» ጀልባዋ ገመዷን ሳትፈታ ማስታወሻው ሞልቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ የተፈጠረው ነገር ሁሉ በር ላይ ደርሶ «ቦታ የለም» ተብሎ ተመልሷል። ሰብለ ከወንበሯ ሳትነሣ «በጣም ጨዋ ቋት ነው፤ እንደምን አደርክ ሲል ዋለ» አለች።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ጭንቅላት አውቃለሁ። መርጌታ በተማሪነታቸው የተቀጡበትን የዜማ ስሕተት እስከ ዛሬ ሳያዛንፉ ያዜሙላችኋል፤ መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ግን ግንባራቸው ላይ ሆኖም አያገኙትም። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነኝ። ጠዋት ስልኬ ላይ ያነበብሁት ወሬ የሠርጌን ቀን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ምስክሯ ባለቤቴ ናት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ብዙ አስቤበታለሁ። የመርጌታ ቋት አዲስ አያስገባም፣ የእኔ ደግሞ የቆየውን አያኖርም። ሁለታችንንም አንድ ላይ ብትሰፉን አንድ ደኅና ሰው ይወጣን ይሆናል።

በመጨረሻ ለሰብለ ተሸነፍሁ። ቋቱን ክብ አደረግነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዞሮ ከመጀመሪያው፣ ከሁሉ አሮጌው ላይ ይጽፋል። ሞተሩ ከቆመ ደግሞ ትንሽ ብቻ ጽፎ ይቆለፋል፤ ዋናው ነገር እንዳይደመሰስ ነው። አሮጌዎቹ ቃላት ሲሰረዙ ሳይ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ የባሰ ነው። ሣጥኑ ሁለት አንጎል አለው፤ አንዱ ነዳጁንና መጋደሉን ይመለከታል፣ ሌላው ሞተሩን ያዛል። ሁለቱም የሚጽፉት በአንድ ቋት ነው። ሁለቱም እኩል አንድ ቦታ ላይ ከጻፉ ቃላቸው ተቀላቅሎ «ነዳጅ ሞቀ፣ ሞተር ተጋደለ» የሚል ቅዠት ይወጣል። ሰብለ መጀመሪያ «ቁልፍ እናብጅለት፤ ቁልፉን የያዘ ይጽፋል፣ ሌላው ይጠብቃል» አለች። እኔ አልወደድሁትም። ሞተር የሚያዝ አንጎል ቁልፍ ጥበቃ ደጅ ላይ ሊቆም ነው?

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የመጣልኝም ያለ ምክንያት አይደለም፣ አስተዳደጌ ነው ያመጣው። እያንዳንዱ ከመጻፉ በፊት እጁን ያንሣ፤ እጁን ሲያነሣ የሌላው እጅም ተነሥቶ ካየ፣ የራሱን ዝቅ አድርጎ «ይቅደሙ» ይበል። ቁልፍ የለም፣ ግፊያ የለም፣ መከባበር ብቻ። ፕሮግራሙን ጽፌ ስጨርስ እናቴ ብታየው ትኮራብኝ ነበር ብዬ አሰብሁ።

ሰብለ ትንሽ አየችውና «ሁለቱም እኩል እጃቸውን ቢያነሱስ?» አለች።

«ሁለቱም ዝቅ ያደርጋሉ።»

«ከዛስ?»

«እንደገና ያነሣሉ።»

«ከዛስ?»

ክፍል አለኝ ብዬ ወጣሁ። በእርግጥም ክፍል ነበረኝ፤ ገና ቆይቶ ቢሆንም። ስመለስ ጠረጴዛ ላይ ሞከርነው፤ ሰላም ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ ጠረጴዛ አይጋደልም፣ ማዕበል የለውም።

ያን ሰሞን መርጌታና ወዳጃቸው ቄሰ ገበዙ ለደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መሻገር ነበረባቸው። «በእኔ ሣጥን ነው የምትሄዱት» ብዬ ጋሽ ይርጋ ጀልባ ላይ አሳፈርኋቸው። ጋሽ ይርጋ ሣጥኑን እያዩ «አሁንስ ምን ጨመርህበት?» አሉኝ። «ያየውን ሁሉ እንዲያስታውስ አደረግነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማስታወስ የሚለው ቃል ያን ሰሞን ደስ አይላቸውም ነበር።

ዓባይ መውጫ አጠገብ ስንደርስ አንድ ሰው «ጉማሬ» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፣ ያውም ስልኬን አውጥቼ ከሁሉ ቀድሜ። በውኃ ዳሩ ደንገል ጥግ አንድ ጉማሬ ጆሮውን ብቻ አሳይቶን ጠለቀ። ልክ በዚያው ቅጽበት ሞተሩ ዝም አለ። በዚህ ጊዜ ግን ቀይ መብራት የለም፣ አረንጓዴ መብራት የለም። ሣጥኑ ብንነካው፣ ብንመታው፣ ብንለምነው አይመልስም። ጀልባዋ ቀስ እያለች ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

መርጌታ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በግእዝ እየጸለዩ ነው። ጸሎታቸውን አቋርጠው «ልጄ፣ ይህ ሣጥንህ ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«እያሰበ ነው አባባ።»

«በቶሎ ቢያስብ ምናለ» አሉና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

ጋሽ ይርጋ ምንም ሳይናገሩ የሣጥኑን ሽቦ ነቅለው፣ በድሮው ገመድ ስበው ሞተሩን አስነሡት። እኔን ቢቆጡኝ በተሻለኝ። አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ደሴቲቱ ድረስ ነዱ። ወሬው ግን እኛ ሳንመለስ ሰብሳቢው ዘንድ ደርሶ ኖሯል፤ «ለደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ክብረ በዓል ቀን እኔ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ። ያን ቀን ነዳጅ አልቆ ከቆመ በቃ፣ መሪውን ያስረክባሉ» ብሎ ላከ።

ወደዚያው ጉዞ ልመለስና፣ ደሴቲቱ ስንደርስ መውረጃው አንዲት ጠባብ ሳንቃ ናት። መጀመሪያ የሚወርዱት ከፊት የተቀመጡት መርጌታና ቄሰ ገበዙ ናቸው። መርጌታ ገለል አሉና «ይቅደሙ» አሉ።

«ኧረ እርስዎ እያሉ። ይቅደሙ።»

«ደብሩ የእርስዎ አይደል እንዴ? ይቅደሙ እንጂ።»

«በማርያም፣ ይህስ አይደረግም።»

ሁለቱም እሺ ብለው እኩል እግራቸውን ሳንቃው ላይ አኖሩ። ሁለቱም እኩል ደንግጠው እግራቸውን መለሱ። እንደገና «ይቅደሙ»፣ እንደገና እግር፣ እንደገና መመለስ። ከኋላቸው የደነገጠ፣ መሬት ልርገጥ የሚል ሕዝብ ተሰልፏል፤ ማንም አልወረደም። ሁለቱ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥፋት የለባቸውም፤ ጀልባዋ ግን ቆማለች።

ፕሮግራሜን በእግሩ ቆሞ አየሁት። ጉማሬው ጊዜ ጀልባዋ ተጋደለች፣ ሁለቱም አንጎሎች የሚጽፉት ነገር እኩል መጣላቸው፤ እጅ አነሡ፣ ተያዩ፣ ዝቅ አደረጉ፣ እንደገና አነሡ። እኛ ወደ ወንዙ ስንሳብ እነሱ ውስጥ ሆነው ይቅደሙ ይባባሉ ነበር። በሣቅ ፈነዳሁ። ቀጥሎ ሣቄ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ።

ሳንቃውን ነጻ ያወጡት ከኋላ ቅርጫት ያዘሉ ሴትዮ ናቸው። «አባቶቼ ይባርኩኝ» ብለው በሁለቱ መካከል ሾልከው ወረዱ። ማንንም አልጠየቁም፤ ተራ ያዙ፣ ሄዱ። ሌላውም ተከተለ። ለሰብለ ስደውልላት «ገባኝ፤ ሁለቱም እኩል ካነሡ...» ስል አላስጨረሰችኝም፤ «ከዛስ?» አለችኝ።

አዲሱን ንድፍ የሠራችው እሷ ናት። ጤና ጣቢያ መስኮት ላይ እንዳለው የተራ ካርድ አደረገችው። የሚጽፍ ነገር ያለው አንጎል አንድ ካርድ መዞ ይወስዳል፤ መምዘዙ ለሁለት የማይከፈል አንድ እርምጃ ስለሆነ ሁለት አንጎል አንድ ካርድ ሊያገኝ አይችልም። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የሚጽፍበትን ቦታ ይነግረዋል። ሄዶ ይጽፋል፣ በቃ። እጅ ማንሣት የለም፣ ዙሪያን መቃኘት የለም፣ ይቅደሙ የለም። ሣጥኑ ያለ ጨዋነት መቅረቱ ትንሽ አሳዘነኝ፤ ሰብለ ግን «ጨዋነቱን ለኛ ተወው» አለችኝ።

የክብረ በዓሉ ቀን ጀልባዋ በነጭ ልብስ ሞላች። ሰብሳቢው ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰብለ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሽቦ ከሣጥኑ ጋር አገናኘችው። መርጌታም መጥተዋል፤ መሀል ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ጋሽ ይርጋ ያን ጠዋት ነዳጅ ሲቀዱ እትዬ አልጋነሽን አልጠሩም። ምስክር መጥራት ትተዋል። መሪውን ሲይዙ ወደ እኔ አላዩም፤ እኔም ዓይኔን መለስሁ።

ዓባይ መውጫ ደረስን። «ጉማሬ» አለ አንዱ። ሕዝቡ ወደ ቀኝ ግልብጥ አለ፤ ሰብሳቢውም ተነሣ፣ እኔም፣ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ፣ ተነሣሁ። ሞተሩ ቆመ። ቀይ መብራት በራ።

ሰው ሁሉ ወደ ቦታው እየተመለሰ ጋሽ ይርጋን አየ። ሰብሳቢው ሊያያቸው ስላልፈለገ ጫማውን ተመለከተ። ጋሽ ይርጋ ጎንበስ ብለው ጄሪካኑን አነሡ፤ ክዳኑ ግን በእጃቸው አልከፈት አለ። «እንጃ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። «ቀድቼ ነበር መሰለኝ።»

መሰለኝ አሉ። ጋሽ ይርጋ።

«ጋሼ፣ እንዳይጨምሩ። ትንሽ ብቻ ይቆዩ» አለች ሰብለ። ላፕቶፗን እያየች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ነዳጅ አለ። ነዳጅ አለ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ተጋደለች። ነዳጅ የለም። ሞተር አቁም። ሞተር ቆመ። ጀልባዋ ቀና አለች። ነዳጅ አለ።»

ቀና ብላ ጄሪካኑን አየችው። ክዳኑ እንደ ተዘጋ ነው።

አንድ ሰው «አልገባኝም» አለ፤ እኔ ግን ገባኝ፣ እስከ አጥንቴ ድረስ። ሰው ጉማሬ ሊያይ ወደ ቀኝ ሲከማች ጀልባዋ ትጋደላለች፤ ታንከሩ ሙሉ ስላልሆነ ነዳጁ በአንድ ወገን ይሸሻል፤ በሌላው ወገን ያለው የእኛ መለኪያ ደረቅ ያገኘዋል። እኛም «የለም» ካለ ወዲያው ሞተሩን አጥፋ ብለን አዝዘነዋል። ጀልባዋ ቀና ስትል ነዳጁ ይመለሳል፤ ቀዩ መብራት ግን እኛ እስክናጠፋው ይበራል። ሽማግሌውን ያስረጀው ሣጥኑ ነው። ባዶ ጀልባ ላይ በሞከርነው ጊዜ ሁሉ ደኅና የነበረውም ጉማሬ የሚያይ ስላልነበረ ነው።

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ሰብሳቢው ማመን አቃተው። «እስቲ እንደገና ወደ ቀኝ እንሂድ» አለ። ተነሣን፤ ሰብለ መለኪያውን በቀጥታ እያየች «የለም አለ» አለች። ተቀመጥን፤ «አለ አለ» አለች። ደግመን ተነሣን። መርጌታ ከመሀል ሳይነቃነቁ «ምን ቅዳሴ ነው ይህ፣ መነሣትና መቀመጥ ብቻ?» አሉ። ሰው ሣቀ። በሣቁ መካከል ጋሽ ይርጋ ጄሪካኑን ወደ ቦታው መልሰው፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨምሩ ሞተሩን አስነሡት። ተነሣ። አንዲት እናት እልል አሉ፤ ሰብሳቢውም ከኋላ መጥቶ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ይርጋን ትከሻ ሳመ።

የቀረው ማስተካከያ ቀላል ነበር። «የለም» የሚል ቃል ሲመጣለት ሣጥኑ ወዲያው እንዳያምን፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንዲጠይቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሰብለ እዚያው ጀልባዋ ላይ ጻፈችው።

ደሴቲቱ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። መርጌታና ቄሰ ገበዙ እንኳ እንደ ምንም ተስማምተው ወረዱ። ጀልባዋ ላይ ጋሽ ይርጋና እኔ ቀረን። የነጂ ደንብ መጨረሻ መውረድ ነው፤ ገመዱን እያሰሩ እኔ እስክወርድ ይጠብቁ ነበር። ስለ ቋቱ ማብራራት ጀመርሁ፤ ካርዱን፣ ክብነቱን፣ አንዲት ነገር እንደማያመልጠው።

«ሁሉን ይመዘግባል?» አሉኝ።

«ሁሉን ጋሼ።»

«ያን ቀን ቤትህ መጥቼ ‹ነዳጅ ነበረ፣ እኔው ነኝ የቀዳሁት› ያልሁህንስ?»

«ያኔማ ቋቱ ገና አልተሠራም ነበር ጋሼ።»

የገመዱን ቋጠሮ ጠበቅ አድርገው ቀና አሉና ረጋ ብለው አዩኝ።

«አንተስ አልነበርህም?»

ለሁለት አንጎል እርስ በርስ መከባበርን ላስተምር ስደክም፣ ፊቴ ቁጭ ብለው የነገሩኝን ሽማግሌ ለስላሳ ጋብዤ መልሻቸዋለሁ። ከሳንቃዋ ላይ ገለል አልሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልሁ።

አንድ ጊዜ እንኳ አይሆንም ሳይሉ ቀድመውኝ ወረዱ።